ጊቤ ቁልቁለት ላይ ለከዳ ፍሬን ምን ዓይነት ሸራ ይገዛል?

ከጅማ የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የ2006 ሞዴል ሱባሩ ኢምፕሬዛ ኤስ.ቲ.አይ አለኝ፤ ፍሬኑ ብሬምቦ የተባለው ኩባንያ የሠራው ነው። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ ከወልቂጤ ወደ ጊቤ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ፔዳል ለስልሶ ወደ ታች ወረደብኝ። መኪናዋን ያቆምኳት በማርሽና በእጅ ፍሬን ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ካሳረፍኳት በኋላ ፔዳሉ ተመለሰ። ጅማ ገብቼ ሳሳያት የፊት ሸራው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የቀረው ተባልኩ። አንዱ ሻጭ ሴራሚክ፣ ሌላው ሜታሊክ፣ ጓደኛዬ ደግሞ የውድድር ሸራ ግዛ ይሉኛል። የትኛውን ልምረጥ?»

እንኳን ከነሕይወትዎ ቤትዎ ገቡ። መልሴን የምጀምረው ከሸራው ሳይሆን «ፔዳሉ ለስልሶ ወረደ» ካሉት ቃል ነው። ፍሬን ቁልቁለት ላይ በሙቀት ምክንያት የሚከዳው በሁለት መንገድ ሲሆን፣ ሁለቱም በእግር ስሜት ይለያሉ። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ ሳለ የቱንም ያህል ቢረግጡት መኪናው አልቆም ካለ፣ ችግሩ የሸራው ነው፤ ሸራው ከሚችለው በላይ ሞቆ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ መያዝ አቅቶታል ማለት ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ከወረደና ከቀዘቀዘ በኋላ ከተመለሰ ግን የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዘይት አይታመቅም፤ ሲፈላ የሚፈጥረው እንፋሎት ግን ይታመቃልና፣ የእግርዎ ጉልበት ሸራውን ወደ ዲስኩ የሚጫነውን ፒስተን በመግፋት ፈንታ እንፋሎቱን በማመቅ ያልቃል። ስለዚህ ጊቤ ላይ በመጀመሪያ የከዳዎት ዘይቱ ነው። ገበያ ላይ ካለው ሁሉ ውድ የሆነውን ሸራ ገዝተው ዘይቱን ካልቀየሩ፣ በሚቀጥለው ጉዞ እዚያው ቦታ ላይ ያው ነገር ይደገማል።

የእጅ ፍሬኑ የያዘልዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። በእርስዎ መኪና ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚሠራው በገመድ ሲሆን፣ በኋላው ዲስክ መሐል ባለ ትንሽ ታምቡሮ (ከበሮ መሰል ቤት) ውስጥ የራሱ የሆነ ሸራ አለው፤ ከፈላው ዘይት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መካኒክዎ የኋላውን ሲፈታ ይህንንም ትንሽ ሸራ እንዲያይልዎ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የፍሬን ዘይት በባሕርዩ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ጅማ ደግሞ ዝናቧ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም የማይለቅ ከተማ ናት። ዶት 4 የተባለው ዘይት በደረጃው መሠረት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ መቆየት ይኖርበታል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መፍያ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ብዙ ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚገኘው ዶት 3 ከዚህም ያንሳል፤ አዲሱ 205፣ እርጥበት የጠጣው 140 ዲግሪ ነው። ዶት 5.1 ደግሞ አዲሱ 260፣ እርጥበት የጠጣው 180 ዲግሪ ይችላል። የፍሬን ዘይቱን ቋት ክዳን ከፍተው ይመልከቱ። አዲስ ዘይት እንደ ነጭ ማር ገርጣ ያለ ቢጫ ነው፤ የእርስዎ የሁለተኛውን ዙር ቡና የሚመስል ከሆነ ለዓመታት አልተቀየረም ማለት ነው። ዶት 4 ወይም ዶት 5.1 ይግዙ፤ ጠርሙሱ ከነማሸጊያው ይሁን፣ ተከፍቶ የተቀመጠ ትርፍ ዘይት ከማንም አይቀበሉ። «ዶት 5» ብቻ የሚል ጽሑፍ ካዩ ግን አይግዙ፤ ያ በሲሊኮን የተሠራ ነው፣ ከእርስዎ ዘይት ጋር አይቀላቀልም። በአጠቃላይ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለውን ዘይት፣ በጅማ አየር ለሚኖርና ጊቤን ለሚመላለስ ሰው በየዓመቱ ይቀየር ብዬ እመክራለሁ።

ሸራውና ዘይቱ የሚገናኙት ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ሸራ ዲስኩን ከመያዙም በላይ፣ በጋለው ዲስክና በካሊፐሩ (ሸራዎቹንና ፒስተኖቹን በያዘው ቤት) ፒስተን መካከል እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ያግዳል። አዲስ ሲሆን 10 ሚሊ ሜትር ገደማ የነበረው ሸራ ወደ 3 ሲወርድ፣ የዲስኩ ሙቀት በቀጥታ ወደ ፒስተኑ፣ ከፒስተኑም ወደ ዘይቱ ይዘልቃል። ስለዚህ 3 ሚሊ ሜትር የቀረው ሸራ በከተማ ውስጥ አጥጋቢ መስሎ ቢያሠራዎትም፣ ለጊቤ ጉዞ ያለቀ ነው። የዚህ ዓይነት መኪና ያላቸውን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ከመውጣታቸው በፊት ሸራቸውን እንዲያስለኩ የምለምነው፣ ግማሽ ከደረሰ በኋላም ለረጅም ቁልቁለት እንዳያምኑት የምነግራቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁልቁለቱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያመጣ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከሾፌሩና ከጭነቱ ጋር 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ቁመት ቢወርድ፣ የሚለቀው ጉልበት ወደ 11 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። ያንኑ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ጊዜ ለማቆም ፍሬኑ የሚውጠው ከ617 ሺህ ጁል ብዙም አይበልጥም። ይህም ማለት እንዲህ ያለውን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መውረድ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ሳያሳርፉ 18 ጊዜ ያህል ከማቆም ጋር ይተካከላል። ከዚህ ላይ ነፋሱና ጎማው የተወሰነውን ይወስዳሉ፤ ሞተሩ የሚወስደው ድርሻ ግን በእርስዎ እጅ ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ሸራ የሚመረጠው በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን፣ ከየትኛው ሙቀት እስከ የትኛው ሙቀት ድረስ እንደሚይዝ ታይቶ ነው። የእርስዎ መኪና ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ይፈልጋል። አንደኛው፣ በጅማ ጠዋት ዲስኩ ቀዝቅዞና በዝናብ ርሶ ሳለ በመጀመሪያው ረገጣ መያዝ አለበት፤ ሁለተኛው፣ ከሰዓት በኋላ በሞቃታማው የጊቤ ሸለቆ ውስጥ 400 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሞቆም መያዙን መተው የለበትም። አንዱን አሟልቶ ሌላውን የሚያጎድል ሸራ ለእርስዎ አይሆንም።

ሴራሚክ የሚባለው ሸራ ጸጥ ያለ ነው፤ ቸርኬውን የሚያጠቁር አቧራ አያበዛም፤ ዲስክ ቶሎ አይበላም። ለከተማ ኑሮ የተመቸ ነው፤ አብዛኛው የተሠራውም ለዚያ ነው። ስሙ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል፤ በጣም ውድ በሆኑ መኪኖች ላይ ካለው ከካርቦንና ከሴራሚክ ከተሠራ ዲስክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ያን ያህል ሙቀት ይችላል ማለትም አይደለም። ከፊል ሜታሊክ የሚባለው በውስጡ ብዙ የብረት ዱቄትና ጭረት ስላለው ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል፤ በአንጻሩ ይጮኻል፣ አቧራ ያበዛል፣ ያው ብረቱ ሙቀትን ወደ ፒስተኑ ቶሎ ያስተላልፋል። እርጥብ ቦታ ለቀናት የቆመ መኪና ላይም ከዲስኩ ጋር በዝገት ሊጣበቅ ይችላል። ዋጋው ርካሽ የሆነውና ብረት የሌለበት ለስላሳ ሸራ ለእርስዎ መኪና ፈጽሞ አይሆንም።

ስለ ውድድር ሸራ ግን ዘለግ አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ምክሩ ከወዳጅ የመጣ ቢሆንም አደገኛ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለ ሸራ ከውጭ አስመጥቶ እንድገጥምለት ጠየቀኝ፤ እኔም ገጠምኩለት። በማግስቱ ጠዋት ለሙከራ ከጎኑ ተቀምጬ ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በታች ወደ ከተማው ወረድን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ዲስኩ ላይ ስስ የዝገት ሽፋን ነበር። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲረግጠው ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነበር፤ መኪናው ግን ቀጠለ። ከፊታችን ሰው የጫነ ባጃጅ ነበር። ደንበኛዬ በሁለት እግሩ ሲረግጥና እኔ የእጅ ፍሬኑን ስስብ፣ ከባጃጁ ጀርባ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆምን። ሸራው አልተበላሸም፤ ሐሰተኛም አልነበረም። የተሠራው ዲስኩ በመቶዎች ዲግሪ ሞቆ ለሚሮጥበት የውድድር ሜዳ ስለሆነ፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ዲስክ ላይ የሚይዝበት አቅም አልነበረውም። የዚያኑ ዕለት ፈታሁት፤ ከዚያ ወዲህ በመንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና የውድድር ሸራ አልገጠምኩም።

የእርስዎ ቦታ መሐል ላይ ነው። የመጀመሪያ ምርጫዬ ለዚሁ መኪና ብሬምቦ ወይም ሱባሩ በራሳቸው ስም የሚያወጡት ሸራ ነው፤ አዲስ ሆኖ፣ ከንጹሕ ዘይትና ከጤነኛ ዲስክ ጋር ከተገጠመ፣ በማርሽ ለሚወርድ ሾፌር ጊቤን ይችላል። ከዚያ ከፍ ያለ ከፈለጉ፣ ለመንገድም ለፈጣን ጉዞም ከተሠሩት መካከል ይምረጡ። ለምሳሌ ፌሮዶ ዲ.ኤስ 2500 የሚለው ሸራ ከ20 እስከ 500 ዲግሪ ድረስ በአማካይ 0.42 የመያዝ መጠን (ቁጥሩ ከፍ ሲል መያዙ ይበረታል) እንዳለው አምራቹ ይገልጻል፤ ከቀዝቃዛው ጀምሮ መያዙ ነው ለእርስዎ የሚጠቅመው። ትንሽ ሊጮኽ ይችላል፤ ይህን ያህል ግን የሚታገሡት ነው።

ፌሮዶን ካነሣሁ አይቀር፣ ኸርበርት ፍሩድ የተባለው እንግሊዛዊ ሥራውን በ1897 ሲጀምር ያሳሰበው ነገር ከእርስዎ ጥያቄ ብዙም የራቀ አልነበረም፤ ጭነት የያዙ ጋሪዎች ቁልቁለት ላይ በምን ይያዙ የሚል ነበር። የጥንቶቹ የፍሬን ሸራዎች የተሠሩት በሙጫና በመሰል ነገር ከተነከረ የጥጥ ጨርቅ ስለሆነ፣ «ሸራ» የሚለው የጋራዥ ቃላችን ለነገሩ በጣም የሚስማማ ስም ነው። በኋላ በጥጡ ቦታ አስቤስቶስ ገባ፤ ሙቀትን በሚገባ ቢችልም ብናኙ ሳንባን የሚገድል ሆኖ ስለተገኘ በብዙ አገር ታገደ። ምንጩ ባልታወቀ ርካሽ ሸራ ውስጥ ዛሬም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሸራዎ ሲፈታ የጋራዡ ልጆች አቧራውን በኮምፕሬሰር እንዳይነፉት እባክዎ ይከልክሏቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ያንን አቧራ ዕድሜ ልካቸውን የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው።

ሸራውን በእጅዎ ሲይዙ ጠርዙንና የጀርባውን ብረት ያንብቡ። በአሜሪካኖቹ አሠራር ጠርዙ ላይ ከሚታተመው ቁጥር መጨረሻ ሁለት የላቲን ፊደሎች አሉ፤ የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲሞቅ ያለውን የመያዝ መጠን ያመለክታል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ማለት ነው። ለእርስዎ ሁለቱም ፊደል ከ«ኤፍ» አይነስ፤ የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛው የወረደ ከሆነ፣ ሸራው ሲሞቅ እንደሚከዳ ራሱ እየነገረዎት ነው። ይሁንና እነዚህ ፊደሎች የሚለኩት መያዙን እንጂ ስንት ደቂቃ ቁልቁለት እንደሚችል አይደለም። በአውሮፓ አሠራር ደግሞ በክብ ውስጥ ያለ «ኢ» ፊደል ከነአገር ቁጥሩና «90 አር» የሚል ምልክት ይኖራል። ይህ ምልክት ያለው ሸራ የመያዝ መጠኑ ከመኪናው የመጀመሪያ ሸራ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ተፈትኗል ማለት ነው። የውድድር ሸራዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህ ምልክት የላቸውም፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል።

ሐሰተኛው ብዙ ስለሆነ ማተሙን ብቻ አይመኑ። አንድ ጊዜ በውድ የተገዛና ማሸጊያው እንከን የማይወጣለት ሸራ ከመግጠሜ በፊት በጥፍሬ ጠርዙን ብጭረው እንደ ደረቀ ጭቃ ተፈረፈረ። ደህና ሸራ በጥፍር አይነካም፤ ከጀርባ ብረቱ ጋር የተጣበቀበት መስመር ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት አይታይበትም፤ አራቱም ፍሬዎች ውፍረታቸው እኩል ነው፤ ቁጥሩም በሁሉም ላይ አንድ ነው።

ልኩን በተመለከተ «የኢምፕሬዛ ሸራ» ብለው አይዘዙ። ተራው ኢምፕሬዛና የእርስዎ ኤስ.ቲ.አይ ካሊፐራቸው ለየቅል ነው፤ የእርስዎ ፊት ላይ አራት፣ ኋላ ላይ ሁለት ፒስተን ያለው ብሬምቦ ሲሆን፣ የፊት ዲስኩ ስፋት 326 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካኖቹ መለያ የፊቱ ሸራ ቅርጽ ዲ 1001፣ የኋላው ዲ 961 ይባላል። ብሬምቦ ካሊፐር ያለው ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽንም ይህንኑ ቅርጽ ይጠቀማል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሱባሩ ስም ቢታጣ በዚያ ስም ሊገኝ ስለሚችል ከዚያ ገዝቶ ለሚልክልዎ ሰው ይንገሩት። አሮጌውን ሸራ ፎቶ አንሥተው ከነልኩ ቢልኩለት የበለጠ ይጠቅማል። የፊቱንና የኋላውን ከአንድ ዓይነት ይግዙ፤ በተለይ ጠንከር ያለውን ኋላ፣ ደካማውን ፊት ማድረግ በእርጥብ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዎችን አስቀድሞ ያሥራቸዋልና መኪናው ይዞርብዎታል።

ሲገጠም ሦስት ነገር አጠገቡ ቆመው ይመልከቱ። ብሬምቦው ሁለቱ ፒኖች ሲወጡ ሸራው ከላይ ስለሚሳብ ካሊፐሩን መፍታት አያስፈልግም፤ ፒስተኖቹ ግን ተመልሰው ከመገፋታቸው በፊት ዙሪያቸው ያለው ጭቃ በብሩሽና በፍሬን ማጽጃ ይጽዳ፤ አለበለዚያ ጭቃው የፒስተኑን ማሸጊያ ጎማ ይቀድዳል። ከዚያ ዘይቱ ሲቀየር እያንዳንዱ ካሊፐር ሁለት የአየር ማውጫ እንዳለው መካኒክዎ ይወቅ፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ በኩል ነው። የለመደው ባለ አንድ ማውጫ ካሊፐር ስለሆነ ከውስጥ ያለውን ብቻ ከፍቶ ሥራውን የሚጨርስ አለ፤ ያኔ በውጭው ግማሽ ውስጥ አሮጌው ዘይትና አየሩ ይቀራሉ። በመጨረሻም ዲስኩ ይለካ። የፊቱ አዲስ ሲሆን 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጿል። ቶርኖ ቤት ወስደው ማስላጥ የሚችሉት ከተላጠ በኋላ ከዚያ ቁጥር በላይ የሚቀር ከሆነ ብቻ ነው። ውፍረቱ ደህና ሆኖ ፊቱ ከለሰለሰ፣ የአሮጌው ሸራ ቅሪት እስኪለቅ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ይበቃል።

አዲስ ሸራ በተገጠመ ዕለት በሙሉ ኃይሉ አይይዝም፤ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ጠዋት በማለዳ፣ ከብትና ባጃጅ ሳይበዛ፣ ወደ ሰርቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ቀጥ ያለ ቦታ ይፈልጉ። ከኋላዎ ማንም አለመኖሩን አይተው፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ወደ 20 ጠንከር ባለ ረገጣ ያውርዱ፤ ሳይቆሙ መልሰው ፍጥነት ይጨምሩ። ይህን 8 ወይም 10 ጊዜ ከደገሙ በኋላ ፍሬን ሳይነኩ ለ10 ደቂቃ ያህል ነድተው ያቀዝቅዙት። ሽታና ስስ ጭስ ቢያዩ አይደንግጡ። ዲስኩ ግሎ ሳለ ቆመው ፔዳሉን ረግጠው አይቆዩ፤ ሸራው ባረፈበት ቦታ ላይ ቁራሹ ይታተምና፣ ከዚያ በኋላ በፈረኑ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው «ዲስኬ ተጣመመ» ብሎ የሚጥለው ዲስክ፣ በእኔ ልምድ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

ስለ አወራረዱ፣ ሞተሩ ድርሻውን እንዲወስድ ሲኖትራክ የሚነዱ ሾፌሮች የሚያውቁትን ደንብ ይያዙ፤ ዳገቱን የወጡበትን ማርሽ ይዘው ቁልቁለቱን ይውረዱ። መኪናዎ ባለ ቱርቦ ስለሆነ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ትወጣለችና፣ ለእርስዎ ከዚያም አንድ ዝቅ ያድርጉ። ፍሬኑን በቀላሉ ረግጠው አይያዙት፤ ጠንከር አድርገው ለአጭር ጊዜ ይርገጡ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት፤ በመካከል ያለው ጊዜ ለዲስኩ የእረፍት ጊዜው ነው።

ሸራው እስኪመጣ ድረስ ይህችን መኪና ይዘው ወደ ጊቤ አይውረዱ፤ አዲስ አበባ ካለው ወዳጅዎ በአውቶቡስ ያስልኩት። ዘይቱን ግን ሸራውን ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ያስቀይሩ። ከተቀየረ በኋላ ሞተሩን አስነሥተው ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ ረግጠው ይያዙት፤ ከእግርዎ ሥር ቀስ እያለ ከወረደ፣ ወይም ቋቱ ውስጥ ያለው ዘይት በየቀኑ ከጎደለ፣ ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ወይም የፍሬን ቱቦዎቹ መታየት አለባቸውና ያኔ እንደገና ይጻፉልኝ።